ሞያሌ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ ዛሬ ቡሌ ሆራ በምትባለው በሐገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና 800 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው ከሞያሌ ይደርሳል። ከናይሮቢ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣውም መንገድ እንደዚሁ 800 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ይህች ከተማ ከሁለቱ ዋና ከተሞች ከሞላ ጎደል እኩል የራቀች ናት። ሩቅ በመሆኗም ብዙ ዘመን ተረስታ ኖራለች። ይሁን እንጂ የናይሮቢ ሥጋ ነጋዴ፣ የአዳማ ከብት አድላቢ፣ የመርካቶ ልብስ ቸርቻሪ ሦስቱም ሞያሌን በዓይናቸው ሳያዩ የሞያሌ ደንበኞች ሆነው የኖሩ ናቸው።

ሞያሌ ሲባል አንዲት ከተማ ማለት አይደለም። በሰሜን የኢትዮጵያ ሞያሌ፣ በደቡብ የኬንያ ሞያሌ አለች፤ ስማቸው አንድ፣ ገበያቸውም በአብዛኛው አንድ ሲሆን መንግሥታቸው፣ ገንዘባቸውና ሕጋቸው የተለያየ ነው። የኬንያዋ ሞያሌ የምትተዳደረው በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው። የኢትዮጵያዋም ብትሆን በአንድ አስተዳደር ብቻ የምትመራ አይደለችም፤ የኦሮሚያ ክልልና የሶማሌ ክልል ሁለቱም በከተማዪቱ ውስጥ የየራሳቸው መስተዳድር አላቸው። እንግዲህ በአንድ ስም በምትጠራ ሥፍራ ሦስት አስተዳደሮች ተጎራብተው ይገኛሉ ማለት ነው። ቦረናው፣ ገሪው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው እንዲሁም ከመሐል አገር ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የወረዱት ሰዎች በዚህ ተቀላቅለው ይኖራሉ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ወንድማቸው ወይም አማቻቸው ከወሰኑ ማዶ ነው። አባት በኢትዮጵያ ወገን ሱቅ ከፍቶ ልጁን በኬንያ ወገን ካለው ትምህርት ቤት ቢያስተምር የሚደነቅ ሰው የለም።

ለእንግዳ ሰው ግን የሚያስደንቁ ጥቃቅን ነገሮች አይጠፉም። በኢትዮጵያ መኪና ቀኙን ይዞ ሲሄድ በኬንያ ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ወሰኑን የሚሻገር ሾፌር ሁሉ በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ መስመሩን መለወጥ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ሰዓት አቆጣጠራቸው ይገጣጠማል። በስዋሂሊ የሚነጋገር ሰው እንደ ኢትዮጵያዊው ሁሉ ሰዓቱን የሚቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነውና፣ ለጠዋት ሦስት ሰዓት የተቃጠሩ አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ኬንያዊ ነጋዴዎች በአፍ ከተነጋገሩ አይተላለፉም፤ የሚተላለፉት ቀጠሮውን በእንግሊዝኛ በወረቀት ላይ የጻፉት እንደሆነ ነው። በሰሜን ወገን ለአንድ ቤት የሚሰጠው ሱቅ የሚለው ስምና በደቡብ ወገን ለመላው ገበያ የሚሰጠው ሶኮ የሚለው ስም ሁለቱም ከአንድ የዐረብ ቃል የወጡ ናቸው። በወሰኑ ግራና ቀኝ ከሁሉ ይልቅ የሚያግባባው ቋንቋ ግን በቦረናዎች አነጋገር የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊም በየተራቸው ይሰማሉ። ሞያሌ ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚነግድ ሰው ከትርፉ ለደላላ የሚያካፍለው ይበዛል።

ይህ ወሰን የተሠመረው በሰዎቹ ፈቃድ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1895 ዓ.ም. ካፒቴን ሞድ የተባለውን መኰንን ልኮ አገሩን አስለካ፤ ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ኅዳር ወር በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የወሰን ውል ተፈረመ። በውሉ ውስጥ ለነጋዴም ለአርብቶ አደርም ትልቅ ዋጋ ያለው አንድ አንቀጽ አለ። ይኸውም በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው ሁሉ ከማዶ ባለው ግጦሽ እንዲጠቀሙና በአቅራቢያቸው ወዳሉት የውሃ ጉድጓዶች በነጻ እንዲደርሱ የሚፈቅድ ነው። ስለዚህ መስመሩ ከተሠመረበት ቀን ጀምሮ ከብቱ እንዲሻገር ተፈቅዶለት ነበር። ከብቱ ከተሻገረ ደግሞ የከብቱ ባለቤት ቆዳ፣ ቅቤ፣ ጨውና ጨርቅ ይዞ መሻገሩ የማይቀር ነው። የኋላው ዘመን ጉምሩክ ችግር ብሎ የሚጠራው ነገር ሥሩ ከዚህ ይጀምራል።

በስተ ደቡብ ያለው የእንግሊዞች ጣቢያ በመጀመሪያ ፎርት ሃሪንግተን ይባል ነበር፤ ስሙንም ያገኘው በምኒልክ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ መልእክተኛ ከነበረው ከሃሪንግተን ነው። በ1932 ዓ.ም. ሐምሌ የኢጣልያ ጦር ይህን ምሽግ ከቦ ያዘ፤ በተከታዩም ዓመት በየካቲት ወር እንግሊዞች መልሰው ወሰዱት። ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በ1962 ዓ.ም. ሰኔ ወር አዲስ የወሰን ውል ተፈራረሙ። በአፍሪካ ቀንድ ውስጥ በስምምነት ያለቀ ወሰን ጥቂት ስለሆነ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። የሁለቱ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ የሚገቡበትና የሚወጡበት ስምምነትም ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ከታሪኩ ወደ ገበያው ስንመለስ፣ የሞያሌ ንግድ መሠረቱ ከብት ነው። የቦረና ከብት በቁመቱ፣ በሥጋው ብዛትና ድርቅ በመቻሉ የታወቀ ነው። የኬንያ ከብት አርቢዎች ባለፈው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ከዚህ ዘር መርጠው እያራቡ የኬንያ ቦራን የሚባለውን ዝርያ አውጥተዋል፤ ዛሬ ይኸው ዝርያ በዘር መዝገብ ተመዝግቦ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በውድ ዋጋ ይሸጣል። የዘሩ ምንጭ የሆነው የቦረና አርብቶ አደር ግን ዛሬም በሬውን በእግር ነድቶ በዓይን ግምት ይሸጣል። ሚዛን የለም፤ የዘር መዝገብም የለም። ላኪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ልዩነት ነው።

አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያወጣው እንደ ዱብሉቅ፣ ሐሮ በቄና ኤልወያ ባሉት የቦረና ገበያዎች ነው። ከዚያ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንደኛው ወደ ሰሜን ሲሆን ወይፈኖቹ ወደ አዳማ ማድለቢያዎች ሄደው በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች የሚላኩበት ነው። ሁለተኛው ወደ ደቡብ በሞያሌ በኩል በካሚዮን ተጭኖ በናይሮቢ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዳጎሬቲ ቄራ የሚወርድበት ነው። የአዳማው ላኪ ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ ከብቱ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ የናይሮቢ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ የከብት ኤክስፖርት ዋጋ የሚተምን ሰው የናይሮቢን የሥጋ ዋጋ ካልጠየቀ ሒሳቡ ይጎድላል።

የሽያጩ አኳኋን በጽሑፍ ውል ለሚሠራ ነጋዴ እንግዳ ነው። በከብት ገበያ ደላላው በሻጩና በገዥው መካከል ቆሞ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ተሸፍነው ዋጋውን በጣት የሚነጋገሩበት የቀንዱ አገሮች ልማድ አለ። በአጠገብ የቆመ ሦስተኛ ሰው ዋጋው ስንት እንደ ሆነ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ከብቱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዱቤ ነው። የሞያሌው ነጋዴ ለአርብቶ አደሩ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን ናይሮቢ ደርሶ ሲሸጥ ሊከፍል ቃል ይገባል፤ የናይሮቢው ገዥ ደግሞ በበኩሉ ለሞያሌው ነጋዴ ሥጋው ሲሸጥ ሊከፍል ቃል ይገባል። በመካከሉ አንዱ ቼክ ያለ ስንቅ የተጻፈ ከሆነ ጉዳቱ ተንከባሎ የሚያርፈው ከጉድጓዱ አጠገብ በተቀመጠው አርብቶ አደር ላይ ነው። ዋስትናው ዝምድናና ስም ብቻ ነው። ይህ አሠራር ኋላ ቀር ነው ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ አገር ለከብት ንግድ በቂ ብድር የሚሰጥ ባንክ ሳይኖር ይህን ያህል ሀብት ለብዙ አሥርት ዓመታት ያዘዋወረው ይኸው የቃል እምነት ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ካሚዮኑ ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ የሚመጣው ሸቀጥ ጭኖ ነው፤ ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና ቅባት፣ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ፍራሽ፣ ጫማና ልብስ ያራግፋል። ባዶውን ከሚመለስ ከብት ይጭናል፤ ስለሆነም የከብቱ የማጓጓዣ ዋጋ ይረክሳል። የከብቱ ገንዘብ በሺሊንግ ይቀበልና በናይሮቢ ሸቀጥ ይገዛበታል፤ ሸቀጡ በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በብር ይሸጣል፤ በብሩ እንደ ገና ከብት ይገዛል። እንግዲህ በሞያሌ በሬው ራሱ የውጭ ምንዛሪ ነው። በባንክ ወረፋ ዶላር ሲጠብቅ ከርሞ ያጣ አስመጪ ይህን ክብ መንገድ ቢመኘው አይፈረድበትም። ሆኖም የመንገዱ አብዛኛው ክፍል ከሕጋዊው መዝገብ ውጭ ስለሚሄድ መንግሥት ቀረጡን፣ አገርም ምንዛሪውን ያጣሉ፤ ነጋዴውም ዕቃው በተያዘበት ቀን የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ክቡ በአንድ በኩል ሲበጠስ በሌላው በኩል ያለው ሁሉ ይናጋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሳይዘንቡ ቀሩ፤ የከብቱ ዕልቂት በሚሊዮን የሚቈጠር ነበር። የድርቁ ጉዳት በአርብቶ አደሩ ቤት ብቻ የቀረ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሞያሌን ሱቆች ያስብ። የሚሸጥ በሬ ከሌለ ሺሊንግ የለም፤ ሺሊንግ ከሌለ ከናይሮቢ የሚገዛ ሳሙና የለም፤ የዱቤ መዝገቡም የማይሰበሰብ ገንዘብ ይሞላል።

ከከብቱ ቀጥሎ የሚታየው የጠረፍ ንግድ ነው። ጤፍ፣ ቦሎቄ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቅመማ ቅመም ከሰሜን ወደ ደቡብ፤ የፋብሪካ ዕቃ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሻገራል። አሻጋሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶችና ወጣቶች ሲሆኑ መጓጓዣቸው ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የአህያ ጋሪና የገዛ ጀርባቸው ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ከወሰኑ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ለሚኖር ሰው የጠረፍ ንግድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዕቃው ግን በዓይነትም በዋጋም የተወሰነ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ዋጋው ሲወሰን የነበረው ብርና በገበያው ላይ ያለው ብር አንድ አለመሆናቸው ነው። ወሰኑ ሳይሻሻል ከቆየ፣ ትናንት አንድ ጆንያ ሙሉ የሚያስገባው ፈቃድ ዛሬ ግማሽ ጆንያ አያስገባም። ያን ጊዜ ባለ ፈቃዷ ነጋዴ ወይ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ ከኬላው በስተ ጓሮ ያለውን መንገድ ትይዛለች። ኮንትሮባንዲስት የሚባለው ሰው ሁሉ ሕግ ለመጣስ ብሎ የተነሣ አይደለም፤ ከመካከሉ ፈቃዱ የጠበበው ነጋዴም አለበት።

በገንዘብ ነገር ሞያሌ ከብዙ ከተሞች ቀድማ ሄዳለች። በኬንያ በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤም ፔሳ ሥራ የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ነው፤ የኬንያ ስልክ ሞገድ ደግሞ ወሰን አያውቅምና የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ነጋዴ የመሐል አገር ሰው ስለዚህ ነገር ሳይሰማ በፊት በማዶው ስልክ ሒሳቡን ያወራርድ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2013፣ ኤም ፔሳም ራሱ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገብተዋል፤ ሆኖም ሱቁ ሁለት ገንዘብ መቀበሉ አልቀረም፤ በአንድ መሳቢያ ብር፣ በሌላው ሺሊንግ ይቀመጣል።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ለአዲስ አበባ አስመጪ የዋጋ መናር ነበር። ለሞያሌ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ የከተማዪቱ ትርፍ ከባንኩ ዋጋና ከጎዳናው ዋጋ መራራቅ የሚቀዳ ነበርና ሁለቱ ዋጋዎች በተቀራረቡ መጠን ሕጋዊው መንገድ ይረክሳል፣ ጓሮው መንገድ ይወደዳል። ኬላው በጠበንጃ ብዛት ያላገኘውን ነገር ምንዛሪው ሊያደርገው ይችላል። በነዳጅም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ በድጎማ ዝቅ ብሎ በቆየባቸው ዓመታት ቤንዚን በጀሪካን ወደ ማዶ ይሻገር ነበር፤ የሞያሌ ማደያ ሲደርቅ ማዶው ግን በጠርሙስ ይቸረችር ነበር። ዕቃ ርካሽ ከሆነበት ወደ ተወደደበት መሄዱ የነጋዴ ክፋት ሳይሆን የገበያ ባሕርይ ነው።

የመንገዱን ነገር የሚያውቁ ሸምገል ያሉ ሾፌሮች ናቸው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ካሚዮኖች ሽፍታ ስለሚፈሩ በጭፍራ ተያይዘው፣ በመሣሪያ ታጅበው ይጓዙ ነበር፤ ተሳፋሪው ከከብቱ በላይ ባለው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀናት ይፈጅበታል። ዝናብ ከጣለማ የሚደረስበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። ይህ መንገድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 እና በ2017 አካባቢ ተጠናቅቆ አሁን አውቶቡስ ናይሮቢ በአንድ ቀን ይገባል። ለከብት ነጋዴ ይህ የጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሬ በመንገድ በዋለና ባደረ ቍጥር ክብደቱ ይቀንሳል፤ ወድቆም ከተረገጠ ጨርሶ ይጠፋል።

በኢትዮጵያም በኩል መንገዱ ከታደሰ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር 30 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በሞያሌ ተገኝተው አንድ ማቆሚያ የሚባለውን የወሰን ጣቢያ መረቁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ አንድ ካሚዮን በአንዱ አገር ቆሞ ወረቀቱን ጨርሶ ከተሻገረ በኋላ በሌላው አገር እንደ ገና ይቆም ነበር። አሁን የሁለቱ አገሮች የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽን፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ኳራንታይን ሠራተኞች በአንድ ግቢ ተቀምጠው፣ መኪናው በሚገባበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል። የአንዱ አገር ሹም በሌላው አገር መሬት ላይ ተቀምጦ የአገሩን ሕግ ያስፈጽማል፤ ወሰን በጥርጣሬ ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ላሙ ላይ የተሠራው አዲስ የኬንያ ወደብ የመጀመሪያው ማራገፊያው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ተከፍቶአል። ከወደቡ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው መስመር ላይ ከተሠመሩት በሮች አንዱ ሞያሌ ነው። አንድ ወደብ ብቻ ይዞ ለኖረ አስመጪ ሁለተኛ በር መኖሩ ራሱ የኪራይ መደራደሪያ ነው።

የከተማው ነጋዴ ግን ጥያቄ አለው። ጣቢያው የታቀደው ለኮንቴይነርና ለተሳቢ ነው። የኢትዮጵያ ካሚዮን ሳያራግፍ እስከ ማዶ፣ የኬንያውም እስከ አዲስ አበባ ካለፈ፣ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲያዛውር የኖረው ጫኝና አውራጅ፣ መጋዘን የሚያከራየው ባለ ግቢና ሻይ የምታፈላው ሴት ከአቧራው በቀር ምን ይቀርላቸዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አሠራር በሌሎች አገሮች አለ። በኮሜሳ አገሮች መካከል እንደ ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ ያሉት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ቀለል ያለ የጉምሩክ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ሁለቱ ጎረቤቶች የተስማሙበት የዕቃ ዝርዝር በኬላው ላይ ይለጠፋል፤ ዋጋው ከተወሰነ መጠን ያልበለጠ ዕቃ የያዘ ሰው ትራንዚተር ሳይቀጥር አንድ ቀላል ቅጽ ሞልቶ ያልፋል። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም ነጻ የንግድ ቀጣናው በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም አልገባችበትም፤ ኬንያ ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ለሞያሌ የሚያስፈልገው ሌላ ሕንፃ ሳይሆን ይኸው የተለጠፈ ዝርዝርና ቀላል ቅጽ ነው፤ ቅጹም ባለ ቲማቲሟ በምታነበው ቋንቋ ቢጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰላም ይቀድማል። በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ በቦረናና በገሪ መካከል በተነሣው ግጭት በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ኬንያ ተሰደደ። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን ወታደሮች በተሳሳተ መረጃ ነው በተባለ ተኩስ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወሰኑን ተሻገረ። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥም እንደ ገና ደም ፈሰሰ። በእነዚህ ጊዜያት የተዘጋ ሱቅ ኋላ ተከፍቶአል፤ የዱቤው መዝገብ ግን በቃል እምነት ላይ የቆመ ስለሆነ አበዳሪና ተበዳሪ በየጎሳቸው ከተለያዩ መልሶ ለማገናኘት ዓመታት ይወስዳል። ዕቃ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕቃ ይተካል፤ የሚያምነውን የማዶ ሰው ማግኘት ግን ከዚያ ይከብዳል። ስደተኞቹን በ2004ም ሆነ በ2010 ተቀብለው ያስጠለሉት የማዶው ሞያሌ ሰዎች ከደንበኞቻቸውና ከዘመዶቻቸው ጋራ የነበሩትን መጠለያዎች መካፈላቸው በዚያ አገር አይረሳም።

ሌላው የከተማዪቱ ችግር ውሃ ነው። በሁለቱም ወገን ይጠፋል፤ በደረቅ ወራት በቦቴ ይመላለሳል፤ ሆቴል የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አልጋ ሳይሆን ስለ በርሜል ነው።

ወደ ሞያሌ ዕቃ ለመላክ ወይም ከዚያ ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ከመነሣቱ በፊት ሁለት የቀን መቍጠሪያዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢመለከት ይጠቅመዋል። የሁለቱ አገሮች ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉት በተለያየ ቀን ነው። ኬንያ የነጻነት በዓሏን ታኅሣሥ 3፣ የልደትን በዓል ታኅሣሥ 16 ቀን አካባቢ ስታከብር የኢትዮጵያ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ዘመን መለወጫውም፣ ጥምቀቱም፣ በአብዛኛው ዓመት ፋሲካውም አይገጣጠሙም። ኢድ ግን ሁለቱንም ወገን በአንድነት ይዘጋል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በሁለቱም ከተማ ብዙ ሱቆች ለጸሎት ይዘጋሉ። ጤፍና ቦሎቄ የያዘ ሰው ሁለት ቀን ቢቆም የሚከፍለው የመኪና ኪራይ ብቻ ነው። ቲማቲም የጫነ ግን የማዶው ጽሕፈት ቤት ተዘግቶ ካገኘው፣ በዚያ ሙቀት ሣጥኖቹን እዚያው በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ጎዳና ባገኘው ዋጋ ከመቸርቸር በቀር ምርጫ አይኖረውም።